ከአዋሽ እስከ ቀብሪ ደሃር፦ በሮቶና በበርሜል የምትፈለፈለውን የወባ ትንኝ ፍለጋ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መተሃራ

ጥምቀት አልፎ ከተማው ወደ ሥራው ሲመለስ ነው የወጣነው። ወሩ ጥር ነው። ዝናብ የለም፣ ሜዳው ደርቋል። በዚህ ወቅት ስለ ወባ የሚያስብ ሰው ብዙ የለም፤ ወባ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው ክረምት ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ቆላ ወርዶ ታሞ ወደተመለሰ ዘመድ ነው። እኛ ግን በጋውን ሆን ብለን መረጥነው። የምንፈልጋት ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም።

ስሟ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነው። የእስያ ትንኝ ናት። ሊስተን የተባለ ሐኪም በ1901 ሕንድ ውስጥ አግኝቶ ለሳይንስ አስመዘገባት (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በኢራንና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ስትኖር ኖራለች፤ በተለይ በሕንድ ትላልቅ ከተሞች ወባን በመሃል ከተማ የምታስተላልፈው እሷ ናት። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጂቡቲ ከተማ ላይ ነው። እኛ አገር ደግሞ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። የእኛም ጉዞ የሚያልቀው እዚያው ቀብሪ ደሃር ነው።

መኪናው ውስጥ የጫንነው ዕቃ ብዙ አይደለም። ነጭ ጭልፋ፣ ጠብታ መምጠጫ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንኝ የሚስብ ቱቦ፣ በመረብ የተሠሩ ትንንሽ ሳጥኖች፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። ጭልፋው ነጭ የሆነበት ምክንያት አለው፤ እጩ (ትንኟ ክንፍ ሳታወጣ ውሃ ውስጥ የምትኖርበት ደረጃ) ጠቆር ያለ ስለሆነ በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል። ቡድኑን የሚመሩት ዕድሜያቸውን በሙሉ በትንኝ ምርምር ያሳለፉ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ የመጣሁት ከጤና ትምህርት በኩል ነው፣ ሥራዬ የተገኘውን ነገር ለነዋሪው ማስረዳት ነው።

ከአዳማ በኋላ መሬቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ይጀምራል። መተሃራ ስንደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። በሰቃ ሐይቅ፣ ዓመት ከዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲያስቸግር የኖረው፣ ከጎናችን ተዘርግቷል። እኛ ግን ወደ ሸንኮራው እርሻ ዳር ነው የሄድነው። ከቦይ ፈስሶ የተጠራቀመ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ። ጋሼ ጭልፋውን ቀስ ብለው ከጫፍ አስገቡና አወጡ። "እይው" አሉኝ። "ውሃው ላይ ለጥ ብሎ ነው የተኛው።"

ይሄ የመጀመሪያው መለያ ነው፣ ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ኩሌክስና ኤደስ የሚባሉት የሌሎቹ ትንኞች እጮች የሚተነፍሱበት ቱቦ ከጭራቸው ላይ አለ፣ ስለዚህ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ነው የሚንጠለጠሉት። የአኖፌለስ እጭ ቱቦ የለውም፤ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል ተጋድሞ ይተነፍሳል። እንዲህ የተጋደመ ካየህ የወባ ትንኝ ዘር ነው። የትኛዋ እንደሆነች ግን ገና ነው።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚጠበቀው አኖፌለስ አረቢየንሲስ ነው፣ የአገራችን ዋናው ወባ አስተላላፊ። የዝናብ ኩሬ፣ የወንዝ ዳር፣ የመስኖ ትርፍራፊ ውሃ ይወዳል። የወባ እውቀታችን በሙሉ የተገነባው በእሱ ጠባይ ላይ ነው። ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛው ከ2000 ሜትር በታች ሆኖ ለወባ የተጋለጠ ነው ስንል፣ ክረምት ሲወጣ ቤት እንረጫለን፣ አጎበር እናድላለን ስንል፣ እሱን አስበን ነው። በ1958 ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህል የገደለው ወረርሽኝም የመጣው ከተለመደው በላይ ከዘነበ በኋላ ነበር። ይህ ሁሉ ዛሬም እውነት ነው፣ አልተሻረም። አዲሷ ትንኝ የመጣችው ግን በሌላ በር ነው።

ማክሰኞ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

አዋሽ ሰባት ኪሎ የመንገድ ከተማ ናት። ከጂቡቲ የሚመጣው ተሳቢ፣ ቦቴ፣ ኮንቴይነር የጫነው ሁሉ እዚህ ይቆማል። ሹፌሮች ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጎሚስታ ጋ ጎማ ያስጠግናሉ። ሙቀቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ያስጨንቃል። ዙሪያውን ብታይ ኩሬ የለም፣ ረግረግ የለም፣ አፈሩ ይነዳል። በድሮው ሒሳብ እዚህ በጥር ትንኝ መፈለግ ጊዜ ማባከን ይመስል ነበር።

ወደ ግቢዎች ገባን። አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ውስጥ ሦስት በርሜል ውሃ ተደርድሯል፣ ሁለቱ ክዳን የላቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምግብ ቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ ባትሪ አበራችልን። ጋሼ ጭልፋውን እንደ ትናንቱ ቀስ አድርገው አስገቡ፤ ቶሎ ከነካኸው እጩ ፈርቶ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲወጣ ጭልፋው ላይ ለጥ ብለው የተኙ፣ ከአሥር የማያንሱ። ንጹሕ፣ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ደነገጠች። "ውሃዬ ቆሻሻ ነው ማለት ነው?" አለች። አይደለም። ትንኟ ንጹሕ ውሃ ነው የምትፈልገው፣ ያንቺ ግቢ ንጽሕና ምንም አልጎደለውም፣ ውሃው ክፍት መሆኑ ብቻ ነው ነገሩ። ይህን ደጋግሜ ነገርኳት፣ ምክንያቱም በብዙ ቦታ እጭ ተገኘ ሲባል የቤቱ እመቤት እንደተሰደበች ነው የምትቆጥረው፣ ያ ስሜት ከገባ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በር አይከፈትም።

ከበርሜል ሌላ፦ የሮቶ ክዳን የተሰበረበት፣ ለብሎኬት ማጠጫ የተቆፈረ በላስቲክ የተሸፈነ ጉድጓድ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ጎሚስታው ጎማ የሚያጠልቅበት የብረት ሳህን። በሁሉም ላይ ፈለግን። ሁሉም ላይ አላገኘንም፣ ግን ባገኘንበት ሁሉ አንድ ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ውሃውን ያስቀመጠው ሰው ነው፣ ያስቀመጠውም ነገ ውሃ ላይመጣ ይችላል ብሎ ነው።

ይህች ከተማ በትንኟ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። በ2019 ተመራማሪዎች ከዚሁ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እጭ ሰብስበው አሳድገው፣ የወባ በሽተኞችን ደም በላብራቶሪ አጠጧት። በሁለቱም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ በቫይቫክስም በፋልሲፓረምም ተያዘች። ከዚያም አልፎ በተፈጥሮ ተይዛ የተገኘችም ነበረች። "መጣች እንጂ እዚህ ወባ አታስተላልፍ ይሆናል" የሚለው ተስፋ ያኔ አከተመ።

ማታ ላይ ወደ አንድ የፍየል በረት ሄድን። ስቴፈንሲ እንስሳም ትወዳለች፤ ደም ከጠጣች በኋላ ብዙ ጊዜ የምታርፈው በረት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው መኝታ ቤት ውስጥ የሚሰቀለው የብርሃን ወጥመድ እሷን በደንብ የማይዘው። በቱቦው ስበን ከግድግዳው ላይ ጥቂት ያዝን። ጋሼ ዋናውን ተስፋ የጣሉት ግን ከበርሜሉ በወሰድነው ፑፓ ላይ ነው፣ ማለት እጩ ወደ ክንፋም ትንኝ ከመለወጡ በፊት ባለው ደረጃ ላይ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። ከነውሃው መረብ ሳጥን ውስጥ አስገብተን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አሰርነው።

ረቡዕ፣ በጨርጨር ተራሮች ወደ ድሬ

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ይወጣል። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጫትና ማሽላ ይጀምራል፣ ሹራብ ያስለብሳል። እዚህ ላይ ምንም አልፈለግንም። ሹፌራችን ቁልቢ ላይ ወርዶ ለገብርኤል ሻማ አበራ፣ እኛም ቡና ጠጣን። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ወደ ድሬዳዋ። ወደ ድሬ ስንወርድ ጆሮ እየደፈነ ሙቀቱ መልሶ ተቀበለን።

ሐሙስ፣ ድሬዳዋ

ስለ ድሬዳዋ ብዙ መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም የዚህች ትንኝ ጉዳይ በአገራችን ከወረቀት ወጥቶ ሰው ላይ የደረሰው እዚህ ነው።

በ2022፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ በከተማው ውስጥ ወባ ፈነዳ። ወረርሽኙ የተነሳው በወባ ወቅት አልነበረም፣ ገጠርም አልነበረም። ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታመሙ፣ የመሃል ከተማ ነዋሪ ታመመ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከእያንዳንዱ ታማሚ ቤት ተነስተው ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱንና በአካባቢው ያለውን ትንኝ መረመሩ። ያገኙት ግልጽ ነበር። በሽተኞቹ በቦታ ተሰብስበው ነበር የሚገኙት፣ በተሰበሰቡበትም ቤት አካባቢ ስቴፈንሲ ነበረች፣ በትንኟ ውስጥም የወባ ተሕዋሲው ተገኘ። በዚያ ላይ ጥገኛ ተሕዋሲው ራሱ መድኃኒትን የመቋቋም ምልክት ያለበት፣ በፈጣን መመርመሪያው ኪት እንዳይታይ የሚያደርግ የዘረመል ለውጥም የያዘ ዓይነት ነበር። ሦስቱ ነገሮች አንድ ከተማ ላይ ሲገናኙ አስቡት፤ በበጋ የምትራባ ትንኝ፣ መድኃኒት የሚያስቸግር ወባ፣ ምርመራ የሚያመልጥ በሽታ። እኔ ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጠዋት ከከዚራ ጥላ ስር ፉል በልተን ወደ ሳቢያንና ወደ ለገሃሬ ሰፈሮች ተከፋፍለን ወጣን። ድሬ ሰው እንግዳ አያርቅም። አንዲት እናት በራቸውን ገና ስናንኳኳ "አቦ ነይ ግቢ፣ ምን ቆምሽ!" አሉኝ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ቦታ የለውም፣ ትልቁም ትንሹም አንቺ አንተ ነው የሚባባለው፣ እኔ ግን ከአዲስ አበባ ስለመጣሁ አፌ እምቢ ብሎኝ አንቱ እያልኩ ቆየሁ።

ግቢው ጥርግ ያለ ነው። ሮቶ አለ፣ ከስሩ ሁለት በርሜል፣ ከበርሜሉ ጎን የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን። "ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው?" አልኳቸው። "ሲመጣ ይመጣል" አሉ። "ስለዚህ ያለኝን ዕቃ ሁሉ እሞላለሁ። ድስቱንም ጭምር።" በርሜሉ ላይ ጣውላ ጋደም ተደርጎበታል፣ ግን ግማሹ ክፍት ነው፣ ኩባያ እንዲገባ። በባትሪ ስናይ ሁለት ዓይነት እጭ አብሮ አለ፤ የተጋደመና የተንጠለጠለ። የተንጠለጠለው ኤደስ ነው፣ የዴንጊና የቺኩንጉንያ ትኩሳት አስተላላፊ። ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ አይታለች፤ እሳቸውም "ያ አጥንት የሚሰብረው" ብለው ያስታውሱታል። አንድ በርሜል፣ ሦስት በሽታ። በሌላ በኩል ግን አንድ ክዳን ሦስቱንም ይከለክላል፣ እኔን ተስፋ የሚሰጠኝም ይሄ ነው።

ምን ላድርግ አሉኝ፣ በደንብ ጠየቁኝ። የማይንቀሳቀሰውን ሮቶ በክዳን ወይም በጥሩ ወንፊት መረብ መግጠም፣ ቀዳዳ እንዳይቀር። በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ አድርጎ ውስጡን፣ ግድግዳውን ጭምር፣ በብሩሽ መፈግፈግ፤ ከእንቁላል እስከ ክንፋም ትንኝ በእንዲህ ያለ ሙቀት ከሳምንት ብዙም አይርቅምና ሳምንቱ ሳያልፍ መቅደም ነው። አዳመጡኝና "ልጄ፣ በየሳምንቱ ልድፋው? ደፍቼውስ ካልመጣ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ያጠራቀመውን እንዲደፋ መጠየቅ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ያልኩት አንድ ነው፤ አይድፉት፣ ይክደኑት። ክዳኑን ጤና ጣቢያው ወይም ቀበሌው ቢያግዝ ደግሞ ከብዙ ርጭት ይሻላል፣ ይህን እዚያው ለነበሩት የቀበሌ ሰዎችም በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ።

የባቡር ጣቢያው ጋም ሄድን። የድሮው ሐዲድ ድሬ የደረሰው በ1902 ነው፣ ከተማዋን የወለዳትም እሱ ነው። ትንኟ በምን መጣች ለሚለው ብዙ ሰው ወደ ባቡሩና ወደ ጂቡቲ ወደብ ይጠቁማል። የዘረመል ጥናቶች የእኛዋ ስቴፈንሲ ከደቡብ እስያ ዘሮች ጋር እንደምትቀራረብ አሳይተዋል፣ ከንግድ መስመሩ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። የቀን ሠራተኛውንም ሹፌሩንም ግን "እናንተ አመጣችኋት" ማለት ክፉ ነው፣ ሲባልም ሰምቻለሁና እዚህ ላይ አጥብቄ እጽፈዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት፣ አሁንም ድሬ

ሳጥኑ ውስጥ ትንኞች ወጥተዋል! ጋሼ ቁርስ እንኳን ሳይበሉ ማይክሮስኮፑን ሆቴሉ በረንዳ ላይ ዘረጉት።

መጀመሪያ ወንዱን ከሴቷ መለየት፤ የወንዱ አንቴና ጸጉራም ነው። የምትነድፈው ሴቷ ብቻ ስለሆነች እሷን እንፈልጋለን። ቀጥሎ አኖፌለስ መሆኗን ማረጋገጥ፤ ከመውጊያዋ ግራና ቀኝ ፓልፕ የሚባሉ ሁለት ዘንጎች አሏት፣ በሴት አኖፌለስ ላይ እንደ መውጊያው ይረዝማሉ፣ በኩሌክስና በኤደስ ሴቶች ላይ ግን አጫጭር ናቸው። ግድግዳ ላይ ስታርፍም ኋላዋን ወደ ላይ አንስታ ነው የምትቆመው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዓይን የሚጠይቀው። አረቢየንሲስም ስቴፈንሲም ፓልፓቸው ላይ ሦስት ነጭ ቀለበት አላቸው። የሁለቱም እግር ነጠብጣብ ነው። ተጣድፎ ያየ ሰው አንዷን ለሌላዋ ይወስዳል። ጋሼ ወንበሩን ለቀውልኝ አየሁ። ከፓልፑ ጫፍ ያሉት ሁለት ነጭ ቀለበቶች ሰፋፊ ናቸው፣ ሦስተኛው ቀጭን፣ በመካከል ባለው ጥቁር ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል። ደረቷ ላይ ከላይ ሰፋፊ ነጫጭ ቅርፊቶች አሉ። በአጠገቧ ለማነጻጸሪያ የተሰካችው አረቢየንሲስ ፓልፏ ላይ ነጥብ የለም፣ ጥቁሩ ጥርት ያለ ነው። አንዴ ከታየህ አይጠፋህም፣ እስኪታይህ ግን ያደክማል።

ጋሼ ስለ መለያ መጻሕፍቱ ያሉት ነገር ትልቅ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብዙ የተሠራበት የ1987ቱ የአኖፌለስ መለያ ይህችን ትንኝ አልያዘም ነበር፣ ምክንያቱም ያኔ እዚህ አልነበረችም። በዚያ መለያ ደረጃ በደረጃ የሄደ ባለሙያ፣ ሥራውን በትክክል ሠርቶ እንኳን፣ ስሟ ወደሌለበት ነው የሚደርሰው። በ2020 የታደሰው መለያ ግን አስገብቷታል። አሁን የጎደለው አዲሱን ወደ ወረዳና ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ፣ በእጃቸው ማይክሮስኮፕ ያላቸውን ልጆች ማሠልጠን ነው።

ማይክሮስኮፕ ብቻውንም አይበቃም። ክንፍ የረገፈባት፣ ቅርፊቷ የተፋቀ ትንኝ ብዙ ጊዜ ትመጣለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቦታ የተወሰኑት እርጥበት በሚመጠው ሲሊካ ጄል ደርቀው አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ አይቲኤስ2 እና ኮክስ1 የሚባሉት የዘረመል ክፍሎቿ በፒሲአር ተባዝተው ይነበባሉ። ቱቦው ላይ ቀን፣ ከተማ፣ የውሃው ዓይነት ይጻፋል። የውሃው ዓይነት የግድ ነው፤ "ድሬዳዋ" ብቻ የሚል ቱቦ ማን ምን መክደን እንዳለበት አይናገርም።

ከምሳ በኋላ ወደ ጅግጅጋ። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛን፣ የዳካታን ድንጋዮች እያየን አለፍን።

ቅዳሜ፣ ጅግጅጋ

ጅግጅጋ ከድሬ ከፍ ያለችና ቀዝቀዝ ያለች ናት። ከተማው በግንባታ ላይ ነው፣ በየመንገዱ አዲስ ፎቅ፣ በየፎቁ ስር ለኮንክሪት ማጠጫ የተጠራቀመ ውሃ። ሥራው ሲቆም ውሃው ይቀራል። አንድ ኮንትራክተር መጀመሪያ ሊያስገባን አልፈለገም፣ ለቅጣት የመጣን መስሎት። ምን እንደምንፈልግ ስናሳየው ራሱ ጭልፋውን ተቀብሎ ሌሎቹን ገንዳዎች ያሳየን ጀመር። ሠራተኞቹ እዚያው ሕንጻው ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ ያለ አጎበር፣ ከውሃው ጥቂት እርምጃ ርቀው። ብዙዎቹ ከደጋ የመጡ ልጆች ናቸው። ወባ ከዚህ በፊት ይዟቸው አያውቅም፣ ስለዚህ ሲይዛቸው ይጠናባቸዋል፤ ብርድ ብርድ ሲላቸው ጉንፋን ነው ብለው እንዳይተኙ፣ በጋም ቢሆን እንዲመረመሩ ከፎርማኑ ጋር ሆነን ለሁሉም ነገርናቸው።

እሑድ፣ ደገሃቡር

ሜዳ፣ ግራር፣ ግመል። ደገሃቡር ለመድረስ ቀኑ ሄደ። ማታ ሩዝ በፍየል ሥጋ በልተን፣ ወተት በገባበት ሻይ ላይ ጋሼ ስለ ጂቡቲ አወሩን። ጂቡቲ ወባን ልታጠፋ ተቃርባ ነበር፤ በ2012 የተመዘገበው 27 ሰው ብቻ ነው። በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ትንኟ ብቻ ናት አይባልም፣ ግን ከእሷ መምጣት ጋር የሄደ ነው። ከ2012 ወዲህ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በኤርትራ፣ ምዕራብ አፍሪካ ተሻግራም በናይጄሪያና በጋና ተገኝታለች። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ትንኟ ወደሚመቿት የአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ብትደርስ ተጨማሪ 126 ሚሊዮን ሰው ለአደጋ እንደሚጋለጥ አስልቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እሷን የማስቆም ልዩ ዘመቻ ጀመረ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፣ ማንም አላስተዋለም።

ሰኞ፣ ቀብሪ ደሃር

እዚህ ነው የተገኘችው። በ2016 ለሌላ የትንኝ ጥናት እጭ ሲሰበሰብ፣ አድገው የወጡት ትንኞች ከሚታወቁት ጋር አልመጣጠን አሉ፣ ዘረመላቸው ሲነበብ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። ቀጥሎ በተደረገው ፍተሻ በሰመራ፣ በአዋሽ፣ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በደገሃቡር፣ በጎዴ ታየች። ማለትም በተገኘችበት ጊዜ አዲስ እንግዳ አልነበረችም፣ ተደላድላ ትኖር ነበር። ይህ ለእኔ የጉዞው ሁሉ ፍሬ ነገር ነው። ካልፈለግናት አናያትም፣ ስላላየናት ደግሞ የለችም ማለት አይደለም።

በሶማሌ ክልል ዋናው የውሃ ማጠራቀሚያ ቢርካ ነው፣ በሲሚንቶ የተለበጠ የመሬት ገንዳ፣ ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲጠፋ ቦቴ ይሞላዋል። ለአንድ ሰፈር ሕይወት ነው። የመጀመሪያው የሄድንበት ቢርካ ባለቤት ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ በአስተርጓሚ "አደር" (በሶማሊኛ አጎት) እያልን ነው ያነጋገርናቸው። ግማሹ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፣ ግማሹ ክፍት ነው፣ ባልዲ የሚወርድበት። እጭ ሞልቷል። በጭልፋ አንስተን አሳየናቸው። ዝም ብለው ቆዩና "መርዝ ልትጨምሩበት ነው?" አሉ።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጋሼ ቁጭ ብለው መለሱላቸው። ትልልቆቹን ትንኞች በርጭት መግደል በዚህች ላይ ያስቸግራል፤ እዚህ አገር ያለችው ስቴፈንሲ ብዙዎቹን የምንረጫቸውን ኬሚካሎች ተቋቁማለች፣ ደግሞም ከቤት ውጭና ገና በምሽቱ መንደፍ ትችላለች። እጩን ግን ማጥፋት ይቻላል። ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ የትንኝ እጭ ይገድላል፣ ሰውና ከብት አይጎዳም። ቴሜፎስ የሚባለው እጭ የሚገድል ኬሚካልም በልኩ ከተጨመረ ለሚጠጣ ውሃ የተፈቀደ ነው። ሁለቱንም ግን የሚጨምረው የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ነው፣ ማንም ከሱቅ የገዛውን ኬሚካል ቢርካ ውስጥ መጨመር የለበትም፣ ይህን ጋሼ ሁለት ጊዜ አስተረጎሙት። ከሁሉ በፊት ደግሞ መክደን።

"ቆርቆሮው ውድ ነው" አሉ አደር። "ግማሹን ያለበስኩት ፍየሎቼን ሸጬ ነው።" ልጃቸው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ ጭልፋውን ለምኖ ወስዶ በራሱ ይፈትሽ ጀመር፣ የተጋደመውን ከተንጠለጠለው መለየትም አልፈጀበትም። የወረዳው ጤና ባለሙያ ስሙን ጻፈው። በየሁለት ሳምንቱ የሰፈሩን ቢርካዎች አይቶ በስልክ እንዲነግረው ተስማሙ፣ ለባልዲው መውረጃ የሚሆን መረብም ከቡድኑ ዕቃ ላይ ቆርጠን ሰጠን። የቀረውን ቆርቆሮ ማን ይከፍላል የሚለው ግን አልተፈታም። እኔ በሪፖርቱ ላይ ከመድኃኒትና ከአጎበር እኩል በወባ በጀት ይግባ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ናሙናዎቹ ነገ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ እኔም አብሬ። ጋሼና ሁለቱ ልጆች ወደ ጎዴ ይቀጥላሉ። እዚያ ሸበሌ አለ፣ የወንዝ ዳር ውሃና የጓሮ በርሜል ጎን ለጎን ነው፣ ስለዚህ አረቢየንሲስንና ስቴፈንሲን በአንድ ሰፈር ውስጥ እየለዩ መመዝገብ ይፈልጋሉ።